የቡድን ድረ ገጾች እድሳት፤ ሼርፖይንት ከነባሩ መልክ ወደ ዘመናዊው የተሻገረበት ታሪክ

በዘመናችን ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በአንድ የጋራ ድረ ገጽ ላይ ነው። ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ፣ የውል መዝገቡ በዚያ ይቀመጣል፤ ባልደረቦችም ከያሉበት ሆነው ያነቡታል፣ ያርሙታል። እንደዚህ ካሉት ሥርዓቶች መካከል በስፋቱ የታወቀው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ሼርፖይንት ነው። ይኸው ሥርዓት በ2016 ዓ.ም. አዲስ መልክ ተበጅቶለት ለሕዝብ ታየ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን)። አዲሱ መልክ የተበሠረው በአንድ ቀን ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች ነባር ድረ ገጾቻቸውን ወደ አዲሱ ለማሻገር ግን ዓመታት ፈጀባቸው። ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

ብዙዎች ምክንያቱን በኩባንያው ዝግታ ወይም ለውጥን በሚጠላው ሠራተኛ ያሳብባሉ። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ሌላ ሆኖ አገኘነው። ለማሻገር ያስቸገረው ኩባንያው የሠራው ክፍል አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ተራ የቢሮ ሠራተኞች፣ በላዩ ላይ የሠሩት ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንብናል።

በ1994 በአሜሪካ ቨርሚር ቴክኖሎጂስ የሚባል አንድ አነስተኛ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ስሙንም የወሰደው ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከቨርሚር ነው። ይህ ኩባንያ የሠራው ፍሮንትፔጅ የተባለ ፕሮግራም የኮምፒዩተር ቋንቋ የማያውቅ ሰው ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሁሉ ድረ ገጽ እንዲሠራ የሚያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት በ1996 መጀመሪያ ላይ ኩባንያውን ገዛው። ፍሮንትፔጅ በሰርቨሩ በኩል ረዳት ፕሮግራሞች ያስፈልጉት ነበርና እነዚህ ረዳቶች እያደጉ ሄደው በ2001 ሼርፖይንት ቲም ሰርቪስስ የተባለውን ወለዱ። በዚያው ዓመት፣ ከሌላ ወገን፣ ሼርፖይንት ፖርታል ሰርቨር የተባለ ትልልቅ ድርጅቶችን ያሰበ ሌላ ሥራ ወጣ። እንግዲህ ሼርፖይንት ሲወለድ መንታ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንደኛው ለትንሹ ቡድን፣ ሁለተኛው ለትልቁ ድርጅት። በ2003 ሁለቱም በአንድ መሠረት ላይ ቆሙ፤ ይዞታቸውም ሁሉ ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ መቀመጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። በሼርፖይንት የውስጥ አድራሻዎች ውስጥ «ቪ ቲ አይ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ፊደላቱ የዚያ የቀድሞ ኩባንያ፣ የቨርሚር ቴክኖሎጂስ ኢንኮርፖሬትድ፣ ምሕጻረ ስም ናቸው። ግድግዳው ስንት ጊዜ ተለስኖ፣ ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ፣ የመጀመሪያው ግንበኛ ስም በመሠረቱ ድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ ቀርቷል።

የነባሩ መልክ ወርቃማ ዘመን ከ2007 እስከ 2013 የወጡት እትሞች ዘመን ነው። የ2007ቱ እትም ለተጠቃሚው ከዚያ በፊት ያልነበረ ሥልጣን ሰጠው። ማስተር ፔጅ የሚባለውን፣ ማለት የገጾች ሁሉ ራስጌና ዙሪያ የሚቀዳበትን ንድፍ፣ መሥሪያ ቤቱ እንደ ፈቃዱ ሊለውጠው ቻለ። ሼርፖይንት ዲዛይነር የተባለው መሣሪያ፣ የዚያው የፍሮንትፔጅ ልጅ መሆኑ ነው፣ በ2009 ያለ ክፍያ ለሁሉ ተሰጠ። በዚህም መሣሪያ አንድ ጸሐፊ ፕሮግራም መጻፍ ሳይማር «የፈቃድ ማመልከቻ ሲገባ ለኀላፊው መልእክት ላክ፤ ኀላፊው ከፈቀደ ለሒሳብ ክፍል አሳውቅ» የሚል የሥራ ሂደት ሊያበጅ ቻለ። ኢንፎፓዝ የሚባለው ደግሞ ቅጽ ለመሥራት ያገለግል ነበር። ከዚህም አልፎ በማናቸውም ገጽ ላይ ኮንተንት ኤዲተር በሚባለው ዌብ ፓርት፣ ማለት በገጹ ላይ በሚሰካ ቁራጭ፣ አማካይነት ስክሪፕት መለጠፍ ይቻል ነበር፤ ከበይነ መረብ የተቀዳች ዐሥር መስመር ስክሪፕት የሰንጠረዡን ቀለም ትቀይራለች፣ ያለፈበትን ውል ቀይ ታደርጋለች፣ የማይፈለገውን ቁልፍ ትደብቃለች።

ይህ ሁሉ የተሠራው በማን ነው? ኩባንያው የሚያውቃቸው ባለሙያዎች የሠሩት እንዳለ አይካድም። ነገር ግን በብዛት የሠራው «እስቲ ልሞክረው» ያለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የሰው ኀይል ክፍል ጸሐፊ፣ የግዢ ሹም ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም፤ ምን እንደ ሠራም በጽሑፍ አላኖረም። የሠራው ግን ይሠራ ነበር። ለእኛ የዚህ ታሪክ እምብርት ይህ ነው፤ ስለ ሼርፖይንት የሚጻፉት መጻሕፍት ስለ እትሞቹ ሲተርኩ ይህን ሰው እምብዛም አያነሡትም።

የቤቱም አሠራር የባለቤቱን ጠባይ ይከተል ነበር። በነባሩ ሥርዓት በአንድ ድረ ገጽ ሥር ንዑስ ድረ ገጽ፣ በዚያም ሥር ሌላ ንዑስ ድረ ገጽ ይከፈታል፤ ፈቃድም ከላይ ወደ ታች ይወረሳል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች የሹመት መዋቅራቸውን እንዳለ ገለበጡበት፤ ከመምሪያ ሥር ዋና ክፍል፣ ከዋና ክፍል ሥር ንዑስ ክፍል። ሹመቱ ሲለወጥና ክፍሉ ከአንዱ መምሪያ ወደ ሌላው ሲዛወር ድረ ገጹ ግን በቀድሞው አባቱ ስም ይኖራል፤ አድራሻው ከአባቱ ስም ጋር የተቈራኘ ነውና።

ታዲያ እንዲህ የተወደደው ቤት ለምን መታደስ አስፈለገው? ሦስት ምክንያቶች ይታዩናል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ስልኩ አንዱ ነው፤ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ነባሩ ገጽ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ስፋት የተሠራ ስለ ነበር በእጅ ስልክ ላይ ለማንበብ አይመችም ነበር።

ከዚህ የከበደው የክላውድ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት በሰኔ ወር 2011 ኦፊስ 365ን ከፈተ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሼርፖይንትን በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ፣ አዲስ እትም ሲወጣ በሦስትና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ እየተዘጋጀ ያድሰው ነበር። በክላውድ ግን ቤቱ የኩባንያው ሆነ፤ ኩባንያውም ሳያቋርጥ ያድሰዋል። መሥሪያ ቤቱ ማስተር ፔጁን ቀድቶ በራሱ መንገድ ከለወጠው ኩባንያው የሚያመጣው አዲስ ነገር ወደዚያ ቅጂ አይደርስም። ተከራይ ግድግዳ አፍርሶ በራሱ አሳብ ከሠራ በኋላ አከራዩ አዲስ የውኃ ቧንቧ ሲዘረጋ የሚሆነውን አንባቢ ያስታውስ።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። በገጽ ላይ የተለጠፈ ስክሪፕት የሚሠራው በለጠፈው ሰው ሥልጣን አይደለም፤ ገጹን በከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። ስለዚህ አንድ ተራ ሠራተኛ የለጠፈው ስክሪፕት ዋና ሥራ አስኪያጁ ገጹን በከፈቱ ጊዜ እርሳቸው ማየት የሚችሉትን ሁሉ ሊያይ፣ እርሳቸው መሰረዝ የሚችሉትን ሁሉ ሊሰርዝ ይችላል። ያን ጠቃሚ ስክሪፕት ያስቻለው በርና ለክፉ ሰው የተከፈተው በር አንድ ነው። ኩባንያው ይህን በር መዝጋቱ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን፤ ሆኖም ዓመታት ሙሉ በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ ሥሩ» ሲል የኖረው ራሱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሜይ 4 ቀን 2016 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ስብሰባ፣ የሼርፖይንት አባት የሚባለው ጄፍ ቴፐር ባለበት፣ አዲሱ መልክ ተገለጠ። በዚያው ዓመት የሰነድ ማኅደሮችና ዝርዝሮች አዲሱን መልክ ያዙ፤ ቀጥሎም የቡድን ድረ ገጾችና ገጾቻቸው መጡ። በ2017 ሼርፖይንት ፍሬምወርክ የተባለው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የተፈቀደ አዲስ መንገድ ወጣ፤ በዚሁ ዓመት ኮሙኒኬሽን ሳይት የሚባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ተጨመረ። በ2018 ደግሞ ሀብ የሚባለው ሥርዓት ሲመጣ የንዑስ ድረ ገጽ ተዋረድ ተመራጭነቱን አጣ፤ ድረ ገጾች ሁሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አንዱን ከአንዱ የሚያገናኛቸው በቀላሉ የሚፈታ ማሰሪያ ብቻ ነው። ክፍሉ መምሪያ ሲቀይር ማሰሪያውን ከአንዱ ሀብ ፈትቶ ወደ ሌላው ማሰር ይበቃል። ከእድሳቱ ሁሉ እኛ የምናደንቀው ይህን ነው።

አሁን መታየት ያለበት ልዩነት ይህ ነው። ዝርዝሮችና የሰነድ ማኅደሮች ባሉበት ሆነው ታደሱ፤ አንድ ፋይል እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ያው መዝገብ በአዲስ ፊት ይታይ ጀመር። የቀድሞውን የወደደ ሠራተኛም ከገጹ ግርጌ ወደ ክላሲክ የሚመልሰው ማገናኛ ቀርቶለት ነበር። ገጾች ግን እንዲህ አልሆኑም። ነባሩ ገጽ ራሱ ዘመናዊ ሊሆን አይችልም፤ በጎኑ አዲስ ገጽ መፍጠርና ከአሮጌው ላይ ያለውን ቁራጭ በቁራጭ መቅዳት ያስፈልጋል። ለዚህም የባለሙያዎች ማኅበረሰብ ከማይክሮሶፍት ጋር ሆኖ የመቅጃ መሣሪያ አበጀ። መሣሪያው ጽሑፉን ወደ ጽሑፍ፣ ሥዕሉን ወደ ሥዕል፣ ዝርዝሩን ወደ ዝርዝር ያዛውራል። ስክሪፕት ያለበት ዌብ ፓርት ዘንድ ሲደርስ ግን በዘመናዊው ገጽ አቻ አያገኝለትም። ያለፈበትን ውል ቀይ የምታደርገው ዐሥር መስመር በዚያው ትቀራለች።

በዚህ ምክንያት ለብዙ ጊዜ የተደባለቀ መልክ ነገሠ። አንድ ሠራተኛ ከዘመናዊው ዝርዝር ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርግ በአሮጌው ገጽ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ሥርዓቱም ራሱ፣ በዝርዝሩ ላይ ዘመናዊው የማይችለው ልዩ ሥራ ካገኘ፣ ዝርዝሩን በነባሩ መልክ ያሳይ ነበር። ከአፕሪል 1 ቀን 2019 ጀምሮ አንድ ድርጅት በሙሉ በነባሩ የዝርዝር መልክ እንቆይ ማለቱ ተከለከለ፤ በየድረ ገጹና በየዝርዝሩ መቈየት ግን አልተከለከለም።

እድሳቱ ያልደረሰበት የመሠረት ክፍልም አለ። በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ የነባሩ ሼርፖይንት ዝርዝሮች ሁሉ የሚቀመጡት በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ነበር። ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ አንድ ጥያቄ ወደ 5,000 የሚደርሱ ረድፎችን ሲቈልፍ፣ ረድፍ በረድፍ መቈለፉን ትቶ ሰንጠረዡን በሙሉ ይቈልፋል፤ ያን ጊዜ የሌላውም ቡድን ሥራ ይቆማል። ስለዚህ የ2010ሩ እትም አንድ ዕይታ ከ5,000 በላይ ረድፎችን እንዳይመረምር ከለከለ። ይህ ገደብ በዘመናዊውም መልክ ሥር ቀጥሏል፤ ዘመናዊው ያደረገው መጠቁም እያበጀ ተጠቃሚው ከገደቡ ጋር እንዳይጋጭ መርዳት ነው። አዲሱ መልክ የፊት ለውጥ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን እንደ ማስረጃ ያነሣሉ። አባባላቸው ስለ መዝገቡ ከሆነ ልክ ነው። ስለ ሥልጣን ከሆነ ግን ስተዋል፤ ገጹን እንደ ልብ የማጠፍ ሥልጣን ከቢሮው ሠራተኛ ወጥቶ ወደ ኩባንያውና ፕሮግራም ወደሚያውቁት ጥቂቶች ተዛውሯልና።

የመጨረሻው ክርክር በሥራ ሂደቶቹ ላይ ነበር። ኩባንያው የ2010ሩን የሥራ ሂደት ሞተር በኖቬምበር 2020 ከክላውዱ አጠፋ፤ ማስታወቂያውን የሰጠው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ስለ ነበር መሥሪያ ቤቶች ያገኙት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ለ2013ቱ ሞተር የሰጠው ጊዜ ረዘም ያለ ነው፤ የመዝጊያውን ቀን አፕሪል 2 ቀን 2026 ብሎ ቀድሞ አስታወቀ። የኢንፎፓዝ ቅጾች ማብቂያም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ተቆረጠ። ምትክ ሆኖ የቀረበው ፓወር ኦቶሜት የተባለው ነው፤ ነገር ግን አሮጌውን ሂደት አንሥቶ እንዳለ ወደዚህ የሚያስገባ መንገድ ስላልነበረ እያንዳንዱ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። እንደ አዲስ ለመሥራት ደግሞ አስቀድሞ ምን ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያን የሚያውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኞች ሼርፖይንት ዲዛይነርን ከፍተው፣ የማያውቁት ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈውን «ኀላፊው ከፈቀደ» የሚለውን እያነበቡ፣ ኀላፊ የተባለው የትኛው ክፍል ኀላፊ እንደ ነበር ይጠያየቁ ጀመር።