በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር ዛሬም ደወሉን አሳለፉት» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ መጨረሻው ላይ ለእናንተም የምለው አለኝ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለው ገጠር ደወለልኝ። ቦራ የሚባለው የጋሪ ፈረሱ ዓይኑ ሥር እብጠት ወጥቶበት፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሎ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ስለሆነ በመኪና ካልሆነ አይደረስም። «ጋሼ፣ ቦራ አይሱዙው ላይ አልወጣም አለ» አለኝ። «ስድስት ሆነን ታገልነው፣ አቃተን። ነገ ዐሥር ሆነን ልንሞክር ነው፤ ምን ይሉኛል?»

«ነገ እንዳትነኩት!» አልኩት። ሳላስበው ጮኬ ነበር። ለምን እንደጮኽኩ ልንገራችሁ።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ተሽጦ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ጭነት መኪና መጣ። ከመሬት እስከ መኪናው ሳንቃ ተጋደመለት። ፈረሱ ሳንቃው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አፍንጫው ተነፋ፣ ጆሮው ቀሰረ። ሰዎቹ ከፊት በገመድ ሳቡት፤ ለእኔ ደግሞ አለንጋ ሰጥተው ከኋላ እንድገርፈው አዘዙኝ። ገረፍኩት። ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ደስ ሁሉ ብሎኝ ነበር። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ፣ ግንባሩን ከብረቱ ጋር አላተመው፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከሳንቃው ተንሸራቶ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ፈረስ እግሩ ከተሰበረ ምን እንደሚደረግ የገጠር ልጅ ያውቃል። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የታሪክ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው ያን ቀን የሚያስረዳኝ ሰው ያገኘሁት፤ እሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ ግሪካዊ ነው። ዜኖፎን ወታደርም ጸሐፊም ነበረ፤ የሶቅራጥስም ወዳጅ ነበር። ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ፈረስን በቁጣ አትቅረበው። የፈራው ነገር ካለ ቀስ ብለህ አቅርበህ አሳየው፤ ከመታኸው ግን ፍርሃቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሕመሙ የመጣው ከፈራው ነገር ይመስለዋል።

ይቺን አስቡልኝ። ፈረሱ ሳንቃውን ፈራ፤ ሳንቃው ጋ ሲደርስ ጀርባው ነደደ። ታዲያ ሳንቃው ክፉ መሆኑን አላረጋገጥንለትም? ያገራችን ሰው «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለውም ይህንኑ አይደል? በቅሎዋ ድሮም ደንባራ ናት፤ ቃጭል ስታስርባት ስትሸሽ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ትሸሻለች።

የታላቁ እስክንድርን ፈረስ ታሪክ በክፍል ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕሉታርክ እንደሚተርከው ቡከፋለስን የንጉሥ ፊልጶስ ሰዎች ሊገሩት አልቻሉም። ልጁ እስክንድር ግን ፈረሱ የሚደነብረው ከገዛ ጥላው መሆኑን አየ። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረለት፤ ጥላው ከኋላ ቀረ። ልጁ ከአዋቂዎቹ የበለጠ ጉልበት አልነበረውም፤ ፈረሱ ምን እያየ እንደሆነ ግን ጠየቀ።

ፈረስን አንድ ነገር ውስጥ ከቶ ማጓጓዝ የዛሬ ችግር አይደለም። ሄሮዶቱስ እንደሚነግረን ፋርሶች በ490 ቅ.ል.ክ. ግሪክን ሲወጉ ፈረስ መጫኛ መርከብ ነበራቸው። የአቴናው ፔሪክሊስ በ430 ቅ.ል.ክ. አሮጌ የጦር መርከቦችን አስለውጦ 300 ፈረሰኞችን ጭኖ ዘምቷል። እ.ኤ.አ. በ1248 ከማርሴይ የተነሡት የመስቀል ጦረኞች ፈረሶቻቸውን ያስገቡት በመርከቡ ጎን በተከፈተ በር ነበር። ዧንቪል የተባለው ባለ ታሪክ እዚያው ነበርና፣ ፈረሶቹ ከገቡ በኋላ በሩ ተዘግቶ ልክ እንደ በርሜል መደፈኑን ጽፏል፤ ባሕር ላይ ሲወጡ በሩ ከውሃ በታች ይሆናላ! ለእነዚያ ፈረሶች ያ ጨለማ ምን ይመስል እንደነበር ግን የጻፈልን የለም።

አንዳንዴ ደግሞ መጫኑ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ እናገኛለን። በእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ ወደ ውድድሩ ቦታ የሚሄደው ለቀናት በእግሩ ተጉዞ ነበር። በ1836 ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክ ኤሊስ የተባለውን ፈረስ በስድስት ፈረሶች በሚጎተት ሠረገላ ላይ ጭኖ፣ ከደቡብ እንግሊዝ ከጉድውድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ዶንካስተር ወሰደው። ቁማርተኞቹ «ፈረሱ ገና ጉድውድ ነው፣ አይደርስም» ብለው ሲወራረዱ ኤሊስ ሳይደክም ደርሶ አሸነፈ። የሠረገላው ውስጥ እንዳይጎዳው ተደልድሎ ነበር፤ ብቻውን እንዳይሆንም ጓደኛ ፈረስ አብሮት ተጭኗል። በኔ ግምት የዛሬው የፈረስ ተጎታች አያት ይህ ሠረገላ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ ባሕር ዳርቻ በሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳት አራግፏል፤ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችም ነበሩበት። ከልዩ ልዩ አገር የተገዙት በቅሎዎች ግን ጠባቂያቸውም ውሃቸውም በቅጡ ሳይዘጋጅ ነበር የደረሱት። ብዙዎቹ ከማሰሪያቸው አምልጠው ውሃ ፍለጋ ሲንከራተቱ አለቁ፤ በሽታም ጨረሳቸው። ማራገፍን እንደ ቀላል ነገር ማየት ያስከተለው ጥፋት ነው። የሚገርመው፣ የዘመቱበት ንጉሥ በፈረስ ስሙ «አባ ታጠቅ» ይባል ነበር። የኛ ጀግኖች እኮ በጋሻቸውም በጦራቸውም ስም አይጠሩም ነበር፤ በፈረሳቸው ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ስማችንን ከፈረስ የወሰድን ሰዎች ነን።

ታዲያ ፈረሱ ለምን ይፈራል? ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል፤ ልክ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ያለው ግን አይታየውም። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይኑ እስኪለምድ ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። አውሬ የሚያድነው፣ መዳኛውም ሩጫ የሆነ እንስሳ ነው። እሱን ነው እንግዲህ ጨለማ፣ ጠባብ፣ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ የሚሰጥና የሚንቀጠቀጥ ሣጥን ውስጥ ግባ የምንለው። እምቢታው ጥጋብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ተጎታች አንገባም ያሉ አምስት ባዝራዎችን ወሰዱ፤ እስከዚያ የሚጫኑት በገመድና በጅራፍ ነበር። አጥኚዎቹ አንዲትን ዕቃ በአፍንጫ መንካት አስተማሯቸው፤ በነኩ ቁጥር የሚበላ ይሰጧቸዋል። ከዚያ ዕቃዋን በየደረጃው ወደ ተጎታቹ ውስጥ አስገቧት። አምስቱም ገቡ፤ መደንበራቸውም ቀረ። የዜኖፎን ምክር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በጥናት ተመሰከረለት።

ለእህቴ ልጅ በየማታው በስልክ ያልኩት ይኸው ነው። መጀመሪያ መኪናውን ለተወሰነ ሰዓት ለምኖ፣ ወደ ጉብታ አስጠግቶ አቆመው፤ ሳንቃ ሳያስፈልግ የመኪናው ወለል ከመሬቱ እኩል ሆነ። ድምፁ እንዲታፈን ወለሉ ላይ ጭድ ጎዘጎዘ። ተመልካቹን ሁሉ አባረረ። በመጀመሪያው ቀን ቦራ አጠገቡ ቆሞ ፉርሽካውን በላ፣ በቃ ወደ ቤት። በሌላ ቀን አንድ እግር አስገብቶ፣ ፈረሱ ሳይፈራ ቀድሞ ራሱ መለሰው። ሁለት እግር፣ መመለስ። ስፖንዳው የሚዘጋው ውስጥ ሆኖ ተረጋግቶ መብላት ሲችል ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቅኩት ግን ስለ መውረዱ ነው። ሰው ሁሉ ማስወጣቱን ያስባል፣ ማውረዱን ይረሳል። ፈረስ ወደ ኋላ ሲወርድ የሚረግጠውን አያይም። እንደታሰረ ከኋላው ከተከፈተለት ደግሞ ልውጣ ብሎ ሲያፈገፍግ ገመዱ ይይዘዋል፤ ያኔ ያብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን ፍታ፣ ከዚያ ክፈት። አንድ ጊዜ ባስወጣኸው ቁጥር አንድ ጊዜ በእርጋታ አውርደው፤ መውጫ እንዳለው ሲያውቅ ነው ለመግባት የሚደፍረው።

በ16ኛው ቀን ቪዲዮ ላከልኝ። ቦራ ገመዱ ላልቶ፣ ማንም ሳይነካው ገባ። ከሦስት ጊዜ በላይ አየሁት፤ አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪም ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ግን ቦራ አልወርድም ብሎ ቆመ። ቦታው አዲስ ነው፣ ሽታው አዲስ ነው። ሾፌሩ ቸኩሎ ጥሩምባ ነፋ፤ አንዱ «በለው!» እያለ ዱላ ይዞ መጣ። ቃጭሉ ማለት እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ሰውየውን በትሕትና መልሶ፣ ከቦራ ጎን ዝም ብሎ ቆመ። ወደ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ቦራ ራሱ አንድ እግሩን አወረደ። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎለት ቁስሉ እየጠገገ ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ ተማሪዎቼ። በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ልምጭ ይዤ ክፍል እገባ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰሌዳ ፊት ወጥቶ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበረ፤ መልሱ ሲጠፋው እመታው ነበር። ሰሌዳውን የሚፈራ ልጅ ሰሌዳው ፊት ሲመታ ምን እንደሚማር ዜኖፎን አስቀድሞ ጽፎት ነበር፤ እኔ ዘግይቼ አነበብኩት። ካነበብኩ በኋላ ልምጩን ጣልኩ፤ ከዚያ በፊት የመታኋችሁን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ፈረስ ወይም በቅሎ ያላችሁ፣ እንዴት እንደምትጭኑና እንደምታወርዱ ከታች ጻፉልኝ፤ ለእህቴ ልጅ አነብለታለሁ።