የሻላ ደሴት ፔሊካኖች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በስምጥ ሸለቆው ሻላ ሐይቅ ላይ፣ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች። ትልልቆቹ ነጫጭ ፔሊካኖች በሺዎች እየተሰበሰቡ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ነበር። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ የአእዋፍ ተመራማሪዎች አረባባቸውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ።

የሚገርመው፣ ጥልቁ ሻላ ለእነዚህ ሁሉ ወፎች የሚበቃ ዓሣ የለውም። ደሴቷ ግን ከየብስ አውሬ የራቀች ናት። ስለዚህ ወላጆቹ ፀሐይ አየሩን እስክታሞቀው ይጠብቁና፣ ሽቅብ በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ብለው፣ ኮረብታውን ተሻግረው ከአብያታ ሐይቅ ዓሣ ያመጡ ነበር። ለጫጩት ሲባል እንዲህ መድከም ልብ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶዳ አሽ ምርት ከአብያታ ውኃ መሳብ ጀመረ፤ ገባሮቹም ለመስኖ ተጠለፉ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣው ተመናመነ። ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ እንደ ዝዋይ ወዳሉ ሐይቆች ፊታቸውን አዞሩ።