ከፒስተን ፋብሪካ የወጣው የቅርጫት ኳስ ቡድን

ፒስተን ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስረዳት አያሻም። ስሙን የያዘው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድንም ቢሆን ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። «ዲትሮይት ፒስተንስ» ሲባል የሰማ ሁሉ ስሙ ከአውቶሞቢል ከተማይቱ ከዲትሮይት የተገኘ አድርጎ ይገምታል። ግምቱ ለማመን የሚመች ቢሆንም ትክክል አይደለም። ቡድኑ ከነስሙ የተወለደው በኢንዲያና ግዛት በምትገኘው በፎርት ዌይን ከተማ፣ ፒስተን ከሚሠራ ከአንድ ፋብሪካ ነው፤ እዚያም እስከ 1957 ድረስ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የፋብሪካው ባለቤት ፍሬድ ዞልነር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። ከአባቱ ጋር የሚያካሂደውን የፒስተን ሥራ በ1931 ወደ ፎርት ዌይን ያዛወረው፣ ዋና ደንበኛው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በዚያች ከተማ የጭነት መኪና ይሠራ ስለነበረ ነው። በ1940 በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 118,000 ያህል ነበር። የፋብሪካው ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ ከሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኞች ጋር የሚጋጠም የቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ ዞልነርም ስፖርት ወዳድ ስለነበረ ወጪውን ቻለ። ቡድኑ በአካባቢው የሚችለው ሲጠፋ፣ በ1941 «ዞልነር ፒስተንስ» በሚል ስም ወደ ብሔራዊው የቅርጫት ኳስ ሊግ ገባ።

ይህ ሊግ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አልነበረም። አክረን ከተማ ያሉት የጉድይርና የፋየርስቶን ጎማ ፋብሪካዎች ቡድኖች ተጫውተውበታል። በዊስኮንሲን ግዛት የሚገኙት የሸቦይገንና የኦሽኮሽ ከተሞችም የታወቁ ቡድኖች ነበሯቸው። የሸቦይገን ሕዝብ 42,000 ገደማ ብቻ ነበር። ይህን ስናነብ የራሳችን ነገር ትዝ ይለናል፤ በአገራችንም የስፖርት ክለብ ታሪክ ከፋብሪካና ከመሥሪያ ቤት ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። መብራት ኃይልና ሙገር ሲሚንቶ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የተጫወተበት የድሬዳዋው ኮተንም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጣቱን ወደ ግንባር በወሰደ ጊዜ ሊጉ መነመነ፤ በ1943–44 የውድድር ዘመን የቀሩት ቡድኖች አራት ብቻ ነበሩ። የዞልነር ፋብሪካ ግን በሙሉ ኃይሉ ይሠራ ነበር። ቡድኑም በቦቢ ማክደርሞት መሪነት በ1944 እና በ1945 የሊጉን ሻምፒዮንነት አገኘ። በቺካጎ ይደረግ የነበረውን የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድርም ከ1944 እስከ 1946 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የታላላቅ ከተሞች የስፖርት አዳራሽ ባለቤቶች በ1946 የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ። እነዚህ ሰዎች ትልልቅ አዳራሾች ነበሯቸው፤ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ግን በብዛት የነበሩት በትንንሾቹ ከተሞች ነው። በ1948 ፎርት ዌይን፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሮቼስተርና ኢንዲያናፖሊስ ወደ አዲሱ ሊግ ተሻገሩ። የመሻገሩ ውይይት በዞልነር ቤት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተካሄደ ይነገራል። አዲሱ ሊግ የድርጅት ስም በቡድን ላይ እንዲለጠፍ አይፈቅድም ነበርና «ዞልነር» የሚለው ስም ተነሣ፤ ፒስተኑ ግን ቀረ። በነሐሴ ወር 1949 ሁለቱ ሊጎች ተዋሕደው ዛሬ ኤን.ቢ.ኤ. የሚባለው ተፈጠረ። በመጀመሪያው ዓመት 17 ቡድኖች ነበሩበት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ስድስቱ ወጡ። ከወጡት መካከል ሸቦይገን፣ ዋተርሉና አንደርሰን ይገኙባቸዋል፤ ሦስቱም ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ፎርት ዌይን ግን ጸና።

የፎርት ዌይን ቡድን ስም በታሪክ ጎልቶ የሚነሣው ባነሣው ዋንጫ ሳይሆን ተመልካቹን ባሰለቸበት አንድ ምሽት መሆኑ ያስገርማል። ኅዳር ወር 1950፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን፣ ፒስተንስ ወደ ሚኒያፖሊስ ሄዶ ከሌከርስ ጋር ተጋጠመ። ሌከርስ በሜዳው 29 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፤ መካከሉንም የያዘው በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት ቁመተ ረጅሙ ጆርጅ ማይካን ነው። የፒስተንስ አሠልጣኝ ሙሬይ ሜንደንሃል ይህን ሰው በጉልበት ማሸነፍ እንደማይቻል ስላወቀ ኳሱን መደበቅ መረጠ። ተጫዋቾቹ ኳሱን ይዘው ከመሐል ሜዳ ላይ ቆሙ። ደንቡ አይከለክላቸውም። ሰባት ሺህ ያህል ሕዝብ እያጉረመረመ ተመለከተ። በመንዝ ሜዳ ላይ የገናን ሩር ይዤ ልቁም የሚል ቢነሣ የባላጋራው ዱላ ፈጥኖ ባስለቀቀው ነበር፤ የቅርጫት ኳስ ደንብ ግን ለዚህ ዓይነቱ ተንኮል መድኃኒት አልነበረውም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያበቃ ሌከርስ 17 ለ16 ይመራ ነበር። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም በ12 ደቂቃ ውስጥ፣ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ ያገቡት አራት ነጥብ ብቻ ነው። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ላሪ ፋውስት ከቅርጫቱ አጠገብ ሆኖ አገባና ፒስተንስ 19 ለ18 አሸነፈ። ከሌከርስ 18 ነጥቦች 15ቱ የማይካን ነበሩ። ከሜዳ ላይ የገቡት ኳሶች ለየቡድኑ አራት አራት ብቻ ሲሆኑ የቀረው የቅጣት ውርወራ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ በኤን.ቢ.ኤ. ታሪክ ከዚህ ያነሰ ነጥብ የተመዘገበበት ግጥሚያ የለም።

ሜንደንሃል ሊወቀስ ይገባዋልን? በደንቡ ውስጥ የተተወውን ቀዳዳ አገኘ እንጂ ደንብ አልጣሰም። የአንድ ሥርዓት ጉድለት የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ችሎታ ያለው ሰው እስከ ዳር ድረስ ገፍቶ ሲሞክረው ነው። የሊጉ ኃላፊዎች ችግሩን ያዩት የቅጣት ደንቡን በመለዋወጥ የሚፈታ አድርገው ነበርና ለሦስት ዓመት ያህል መላ አላገኙም። ኳስ ያስጣለ ይቀጣል፤ ቅጣቱ የበለጠ ፊሽካ ያመጣል፤ ፊሽካው ጨዋታውን ያስቆማል። በ1953 ቦስተንና ሲራክዩስ በተጋጠሙበት አንድ ጨዋታ 106 ጥፋቶች ተቆጥረዋል።

መፍትሔው የመጣውም ከትንሽ ከተማ ነው። በጣልያን አገር የተወለደው ዳኒ ቢያሶን በሲራክዩስ የቦውሊንግ መጫወቻ ያካሂድ የነበረ፣ የከተማይቱንም ቡድን የያዘ ሰው ነው። ከሥራ አስኪያጁ ከሊዮ ፌሪስ ጋር ሆኖ የሠራው ስሌት በወረቀት ቁራጭ ላይ የሚያልቅ ነበር። ግጥሚያው 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2,880 ሰከንድ ነው። ሕዝቡ በሚወደው ግጥሚያ እያንዳንዱ ቡድን 60 ጊዜ ያህል፣ ሁለቱም በድምሩ 120 ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራሉ። 2,880 ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። እንግዲያው ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ይወርውር፤ አለዚያ ኳሱን ያስረክብ። የሐሳቡ ውበት ተጫዋቹን እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ ሳይል ጊዜውን ብቻ መለካቱ ላይ ነው። ደንቡ በ1954 ሥራ ላይ ዋለ። የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ከፍ ያለው በዚያው በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ነው።

በዚያው የውድድር ዘመን ለፍጻሜ የደረሱት ሲራክዩስና ፎርት ዌይን ነበሩ። አንዱ ለሰዓቱ ምክንያት የሆነ፣ ሁለተኛው ሰዓቱን ያመጣ። ፎርት ዌይን በ1952 የተከፈተ፣ ለጦር ሰለባዎች መታሰቢያ የቆመ ትልቅ አዳራሽ ነበራት። ይሁን እንጂ አዳራሹ ለቦውሊንግ ውድድር አስቀድሞ ተይዞ ስለነበረ ፒስተንስ «የሜዳውን» ግጥሚያዎች ኢንዲያናፖሊስ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። በሰባተኛው ግጥሚያ 17 ነጥብ ያህል ሲመራ ቆይቶ ሲራክዩስ ላይ 92 ለ91 ተሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በፍጻሜው በፊላዴልፊያ ተሸነፈ።

ከተማይቱ የገዛ አዳራሿን ለገዛ ቡድኗ ማስለቀቅ ያልቻለችው ስለ ንቀት አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማያወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ከመግቢያ በር የሚሰበሰበው ገንዘብ የባለሜዳው ድርሻ ነበር። ስለዚህ የቡድኑ ዕድሜ የሚለካው በከተማው ሕዝብ ብዛት ነው። ዞልነር ጉድለቱን ከፋብሪካው ትርፍ ይሞላ ነበር፤ በ1952 እንኳ ለቡድኑ ዲሲ-3 አውሮፕላን ገዝቶለታል። ሌሎቹ ቡድኖች በባቡር በሚጓዙበት ጊዜ ነው ይህ። ዲሲ-3 የእኛም አየር መንገድ በ1946 በረራ የጀመረበት የአውሮፕላን ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል። ነገር ግን ሊጉ እየሰፋ፣ ደሞዙም እየጨመረ ሲሄድ የአንድ ሰው ቸርነት ለብቻው አልበቃም። በ1950 ፎርት ዌይን 133,000፣ ዲትሮይት 1,850,000 ያህል ሕዝብ ነበራቸው። በ1957 ዞልነር ቡድኑን ወደ ዲትሮይት ወሰደ። ሮቼስተርም በዚያው ዓመት ወደ ሲንሲናቲ ሄደ። ሰዓቱን ያመጣው ሲራክዩስ በ1963 ወደ ፊላዴልፊያ ተዛወረ።

በዚህ ውስጥ የከተማው ሰው ሚና ምን እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለ16 ዓመት ትኬት የገዛ፣ በብርድ የተሰለፈ፣ ስሙን በቡድኑ ስም ያስጠራ እርሱ ነው። ቡድኑ ይሂድ ወይስ ይቅር በተባለ ጊዜ ግን ቡድኑ የባለፋብሪካው ንብረት ነበርና ድምፅ የሰጠ የከተማ ነዋሪ የለም። ፋብሪካ በጀት እስከ መደበለት ድረስ ብቻ የሚኖረው የእኛ አገር ክለብ ደጋፊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዞልነር በ1974 ቡድኑን 8.1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ1982 አረፈ።

በፎርት ዌይን የቀረው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው አዳራሽ ነው። በ2007 በኤን.ቢ.ኤ. የታችኛው ሊግ የሚጫወት ሌላ ቡድን ወደዚያ አዳራሽ ገባ። እርሱም በ2023 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ።