ራምቦ የጠየቃቸው መጻሕፍት

ሐረር ላይ «ራምቦ ቤት» ሲባል ትዝ የሚለን ግጥም ነው። ሰውዬው ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1880 ከኤደን ወደ ሐረር ሊመጣ ሲሰናዳ፣ ፈረንሳይ ያሉ ቤተሰቦቹ እንዲልኩለት የጠየቀው የግጥም መጽሐፍ አልነበረም። ብረት ማቅለጥ፣ ቁልፍ ሥራ፣ ቆዳ ማልፋት፣ ሸክላና መስታወት ሥራ የሚያስተምሩ መጻሕፍትን ነው! በ1883 ደግሞ ወንድ ልጅ ወልዶ ስመ ጥር መሐንዲስ ሲሆን ለማየት እንደሚመኝ ከሐረር ጻፈ። አልሆነለትም፤ በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ።

ጀጎል ውስጥ በስፌት መኪና ድምፅ የተሰየመ መንገድ አለን፦ መኪና ግርግር። እዚያ ሙያ የሚለመደው ከባለሙያ ጎን ቁጭ ብሎ እያዩ ነው። እሺ፣ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ሞተር ልሥራ የሚል የሰፈሩ ልጅስ? ራምቦ የፈለገው ሙያ ሁሉ በቋንቋው ተጽፎ ጠብቆታል። ለዚህ ልጅ በአማርኛ ወይም በሐረሪ ማን ይጻፍለት?