ስለ አሮጌ የጭነት መኪናዎችና ስለ ወዳጆቻቸው

ነገሥታት የተቀመጡባቸው ሠረገላዎችና መኳንንት የተንሸራሸሩባቸው አውቶሞቢሎች በየአገሩ ቤተ መዘክር በክብር ተጠብቀው ሲኖሩ፥ ለከተማው ሕዝብ ዳቦውንና የድንጋይ ከሰሉን፥ ጡቡንና ቢራውን ሌሊትና ቀን ሲያመላልስ የኖረው የጭነት መኪና ግን፥ ጉልበቱ የደከመ ዕለት ወደ ብረት ማቅለጫ እቶን ከመጣል በቀር ሌላ ዕጣ አልነበረውም። በብሪታንያ ይህን ዕጣ ለመለወጥ ያሰቡ ጥቂት ሰዎች በ1958 ተሰብስበው (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለታሪካዊ የንግድ ተሽከርካሪዎች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ዘመኑም ለእንዲህ ያለው አሳብ የተመቸ ነበር። በ1947 በወጣው ሕግ መሠረት የረጅም መንገድ ጭነት ሥራ የመንግሥት ንብረት ሆኖ፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የቆዩ ብዙ የቤተሰብ ድርጅቶች መኪናዎቻቸውን አስረክበው፥ በየጋቢናው በር ላይ በእጅ ተጽፎ የነበረው ስማቸው በአንድ ዓይነት ቀይ ቀለም ተሸፍኖ ነበርና፥ ያ ስም የተጻፈበትን ዘመን በዓይኑ ያየ ትውልድ ገና በሕይወት ነበረ።

የብሪታንያ የጭነት መኪና ጥንተ ታሪክ ከእንፋሎት ይነሣል። በላንክሻየር አውራጃ ሌይላንድ በምትባል ከተማ በ1896 የተመሠረተው ኩባንያ፥ ኋላ ሌይላንድ ሞተርስ ተብሎ በዓለም የታወቀው፥ የመጀመሪያ ሥራው በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ ትንሽ የዕቃ መኪና ነበር። ይኸው ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአገሩ ሠራዊት ወደ 6,000 የሚጠጉ የቤንዚን መኪናዎች አቀረበ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን መንግሥት የተረፉትን በጅምላ ሊሸጣቸው በተነሣ ጊዜ፥ በጦር ሜዳ የተጎሳቆለ መኪና የፋብሪካውን ስም ተሸክሞ በየገበያው እየዞረ እንዳያሳፍረው ስለ ሰጋ፥ ወደ 3,000 ያህሉን መልሶ ገዝቶ በለንደን አቅራቢያ ሃም በሚባል ስፍራ እስከ ቡሎናቸው ፈታታቸው፤ አድሶም ሸጣቸው። ስለ ስሙ ሲል የከፈለው ዋጋ ኩባንያውን ለኪሣራ አቃርቦት ነበር፤ ዳሩ ግን ዛሬ በወዳጆች እጅ ከሚገኙት ጥንታውያን ሌይላንዶች አያሌዎቹ ከዚያ እድሳት ያለፉ ናቸው። ነጋዴ ለክብሩ ብሎ ያደረገው ነገር ለታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ሲጠቅም ማየት ብርቅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ግን፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ የፎደን ቤተሰብ ነገር ነው። በቼሻየር ሳንድባች የሚገኘው የፎደን ፋብሪካ በእንፋሎት መኪናዎቹ ዝናን ያተረፈ ነበር። ከመሥራቹ ልጆች አንዱ ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን፥ የእንፋሎት ዘመን ማለፉንና መጪው ጊዜ የናፍጣ ሞተር መሆኑን አስቀድሞ ቢያስተውልም፥ የኩባንያው አለቆች ግን እርጅናው ያደረሰበት ቅዠት ነው ያሉ ይመስል ልባቸውን አጽንተው በቀድሞው መንገድ ስለ ቆዩ፥ አባቱ ካቆመው ቤት ወጥቶ ከልጁ ከዴኒስ ጋር በ1933 የራሱን ሥራ ጀመረ። የስሙን መነሻ ፊደላት ወስዶ ኢአርኤፍ ያለው ድርጅት የመጀመሪያውን መኪና ሲያወጣ የሻሲው ቁጥር 1 አልነበረም፤ 63 ነበር፤ ሽማግሌው በዚያን ጊዜ 63 ዓመቱ ነበርና። በዚያው ሰሞን የወጣው ሕግና በመኪና ክብደት ልክ የተጣለው ከባድ ግብር፥ ማሞቂያ ጋኑንና ውኃውን ከጭነቱ ጋር የሚሸከመውን የእንፋሎት መኪና ከገበያ አስወጣው፤ ፎደኖችም ብዙ ሳይቆዩ የናቁትን ናፍጣ ተቀበሉ።

የማኅበሩ ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ በቅርብ ላየው፥ መኪና ማደስ ከሚባለው ይልቅ ሙታንን ማስነሣት ሊባል የሚገባው ነው። አንዱ ማኅበርተኛ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ መኪና ሳይሆን በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ሣር የበቀለበት ሻሲ ነው፤ ሞተሩ ተነቅሎ እንጨት መሰንጠቂያ ሲያዞር ኖሯል፤ ጋቢናው የዶሮ ቤት ሆኖ አርጅቷል። በዚያ ዘመን የጋቢናው አጽም ከእንጨት ተሠርቶ ላሜራ የሚለበስበት ነበርና፥ ዝናብ ያበሰበሰውን እያንዳንዱን ምሰሶ በቁራጩ ልክ እየለካ እንደገና የሚያበጅ አናጢ ያስፈልገዋል፤ የተሰነጠቀውን የራዲያተር ራስ በአዲስ ለመተካት በመጀመሪያ አምሳያውን ከእንጨት የሚቀርጽ፥ ቀጥሎም በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ብረት የሚያፈስስ ባለሙያ መፈለግ ግድ ነው። ከ1920ዎቹ በፊት ለተሠሩት ደግሞ አየር የማይሞላበት ድፍን ጎማ በከባድ መጭመቂያ ኃይል በቸርኬው ላይ ይጫናል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊያውቀው ስለማይችል፥ ነገሩ እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ በተራ ይዞራል፤ የናፍጣ ፓምፕ የሚያውቀው ለአናጢው ይሠራለታል፥ አናጢውም ብድሩን በጋቢና ይከፍላል፤ በሩ ላይ ፊደል የሚጽፈውና ወርቁን የሚለብጠው ሰው ደግሞ በሁሉም ዘንድ እንደ ደብተራ ይከበራል።

ከ1962 ጀምሮ ይህ ሁሉ ድካም የሚታይበት ቀን በግንቦት መጀመሪያ እሑድ ላይ የሚውለው ከለንደን እስከ ብራይተን የባሕር ዳርቻ የሚደረገው ጉዞ ነው። መንገዱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ዛሬ በአውቶሞቢል ለሚሄድ ሰው ምንም አይደለም፤ ነገር ግን እስከ 1957 ድረስ ከባዱን የጭነት መኪና ሕጉ ራሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይከለክለው እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የእንፋሎት መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ጎሕ ሳይቀድድ ተነሥቶ እሳት ማንደድ አለበት፤ ሴንቲነል የሚባለው መኪና ጋኑ ቆሞ የተሠራ ስለ ሆነ ከሰሉ ከላይ በአፉ ይጨመርበታል፥ ረዳቱም በየመንገዱ ውኃ እየፈለገ ያጠጣዋል። የጥንቱ ማርሽ ደግሞ ጥርሱን ሳያንኳኳ የሚገባው ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው ለሚመዝን ነጂ ብቻ ነው። በድሮው መንገድ ላይ ያለው የሃንድክሮስ ቁልቁለት ይህ ጥበብ ቀልድ አለመሆኑን ያስተምራል፤ በሐምሌ 1906 ሽርሽረኞችን ወደ ብራይተን ይዞ ሲወርድ የነበረ አውቶቡስ ከነጂው ቁጥጥር ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ 10 ሰዎች ሞተውበታል።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በብራይተን ዳርቻ ተሰልፈው የሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ በወጡበት ቀን እንኳ ያልነበራቸውን ውበት ተጎናጽፈዋል፤ ከሰል ሲጭን የኖረ መኪና እንደ ሙሽራ ሠረገላ ሲያበራ ሳይ፥ ታሪኩ ከነጥላሸቱ ታጥቦ የተጣለ ይመስለኛል። በማኅበሩ ውስጥ በዚህ ነገር ላይ ክርክር አለ፤ ጥቂቶቹ ሞተሩንና ፍሬኑን ብቻ አስተካክለው፥ የተላጠውን ቀለምና የተጣመመውን ላሜራ እንዳለ ትተው ይነዳሉ። እኔ ከእነዚህ ወገን ነኝ፤ ሌላው ወገን ግን ዝገት ያልተነቀለለት ብረት አንድ ቀን አልቆ ይሄዳል ብሎ ሲመልስ መከራከሪያው ቀላል አይደለም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አለመኖራቸው ነው። ለለንደን አውቶቡስ ሲሠራ የኖረው ኤኢሲ በ1979፥ እጅግ ከባድ ጭነት በማንሣት የታወቀው ስካመል በ1988 ተዘጉ፤ የፎደን ስም በ2006፥ የኢአርኤፍም በ2007 ከአዲስ መኪና ላይ ጠፋ፤ ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ የዘመድ ቤቶች በአንድ ዓመት ልዩነት ተከታትለው አለቁ። እንግዲህ መለዋወጫ የሚታዘዝበት በር ስለሌለ፥ የድሮው የፋብሪካ ሠራተኛ ያስቀረው ንድፍና በእጁ የቀረው ልምድ ለማኅበሩ ሀብቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ ሌላ ደግሞ በ1970ዎቹ የተሠሩትን የፕላስቲክ ጋቢና ያላቸውን መኪናዎች ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ አባቶቻቸው የነዷቸውን ነው የሚያድሱት። ሽማግሌዎቹ እነዚህን እንደ ታሪካዊ ለመቁጠር ይከብዳቸዋል፤ ሰልፉም ውስጥ ሲገቡ ያጉረመርማሉ፤ ሆኖም ማርሹ ያንገራገረ ወጣት ሲያዩ ቀድመው ከጋቢናው ሥር የሚገቡት እነርሱ ናቸው።