የሮም የእንጨት ሰሌዳና የጎንደር ሰዓሊ

በጃፓን የኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ የየአገሩ አፈ ታሪክ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶና በወረቀት ላይ ታትሞ በብዙ ቅጂ ለገበያ ሲቀርብ፣ በጎንደር ግን ተመሳሳይ ትረካ በብራናና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ በእጅ ይሣል ነበር። ይህም ሆኖ የእንጨት ኅትመት ለጎንደር ሰዓልያን እንግዳ አልነበረም።

የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1590 እና በ1591 ሮም ውስጥ ያሳተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነድፏቸው በእንጨት ላይ የተቀረጹ ከ100 በላይ ሥዕሎችን ይዟል። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላም፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተጻፉ የጎንደር ወንጌሎችና የተአምረ ኢየሱስ መጻሕፍት እነዚህን ሥዕሎች እንደ አብነት ተጠቅመዋል። ሰዓሊው ግን አብነቱን እንዳለ አልገለበጠም፤ በኅትመቱ ጥላን የሚያሳዩትን ጥቃቅን መስመሮች ትቶ፣ የጀርባውን ሕንፃና መልክዓ ምድር ቀንሶ፣ ምስሉን በደማቅና ወጥ ቀለም አቀናው። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ይኸው ነው።

የሰዓሊው ብቃት ይበልጥ የሚገለጠው ግን ከሮም አብነት ያልመጣለትን ታሪክ ሲሥል ነው። ለዚህ ከበላዔ ሰብእ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በተአምረ ማርያም እንደሚተረከው፣ በቅምር አገር የነበረው ይህ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰዎችን በልቶ ሳለ፣ በውኃ ጥም ለተቸገረ የቁምጥና ሕመምተኛ በድንግል ማርያም ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ጊዜ ኃጢአቱና ጥርኙ ውኃ በሚዛን ሲቀመጡ እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ስላሳረፈች ዳነ። በየዓመቱ የካቲት 16 በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ታሪክ ይነሣል። ሰዓሊው መብላቱን፣ ማጠጣቱንና መመዘኑን ጎን ለጎን በማስፈር የትረካውን ጊዜ ወደ ቦታ ለወጠው፤ በኢትዮጵያ አሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን ገጽ በአንድ ዓይን ስለሚሣሉም፣ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለይ ነበር። ይህ የሰዓሊ ጥበብ ከማንኛውም የሮም ሰሌዳ ያልተቀዳ ነው።

ከ1730ዎቹ ጀምሮ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ሁለተኛው አሣሣል ተስፋፋ፤ በእርሱም ፊትና ልብስ በብርሃንና በጥላ መጉላት ጀመረ። ልማዱ በስሜን ደጋ እስከ ደረስጌ ማርያም ዘልቋል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው።

ከቀድሞው ሥራ ብዙው ግን ጎንደር የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን ሲዘርፉ ወደ መቅደላ የወሰዷቸው የብራና መጻሕፍት፣ በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ በብዛት ወደ ለንደን ተጉዘዋል። በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ተልእኮ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች አኖረ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ስለዚህ የሮምን ሰሌዳ ከጎንደር ብሩሽ ጋር ማነጻጸር የሚሻ የጎንደር ተማሪ፣ የአያቶቹን ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል።