ስለ ውሃ አፈላል፤ የሴንዳዩ መምህር ምርመራ

ውሃ ሲፈላ ማየት ለሰው ሁሉ የዕለት ነገር ስለ ሆነ፥ ምርመራ የሚያሻው ምሥጢር ያለበት አይመስልም። ነገር ግን የእንፋሎት ቦይለር የሚሠራ መሐንዲስ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ውሃው ከጋለው ብረት ሙቀትን እስከ ምን ወሰን ድረስ ሊቀበል ይችላል የሚል ነው። ወሰኑን ሳያውቅ እሳቱን ቢያበዛ፥ ጥፋቱ በብረቱም በሠራተኞቹም ላይ ይደርሳል።

ጀርመናዊው ሐኪም ላይደንፍሮስት በ1756 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ እጅግ በጋለ የብረት ማንኪያ ላይ ያረፈ የውሃ ጠብታ ወዲያው እንደማይደርቅ ገልጦ ነበር። ይህም የሚሆነው ከጠብታው በታች ስስ የእንፋሎት ሽፋን ተነጥፎ ሙቀቱን ስለሚጋርድ ነው።

ነገሩን በልክ የመረመረው ግን በጃፓን አገር በሴንዳይ ከተማ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሺሮ ኑኪያማ ነው። እርሱም ቀጭን ሽቦ በውሃ ውስጥ አግብቶ በኤሌክትሪክ አጋለው። ሽቦው ኤሌክትሪክን የመከልከል ጠባዩ ከሙቀቱ ጋር ስለሚለወጥ፥ ያው አንዱ ሽቦ ማሞቂያም መለኪያም ሆነለት። ኃይሉን ቀስ በቀስ ሲጨምር አረፋው በዛ፤ ሙቀቱም በብርቱ ወደ ውሃው ተላለፈ። ከወሰኑ ሲያልፍ ግን አረፋዎቹ ተያይዘው ሽቦውን እንደ ልብስ ሸፈኑት፤ ሙቀቱም መውጫ ስላጣ የኒክሮሙ ሽቦ በድንገት ቀልጦ ተበጠሰ። ኑኪያማ በዚህ ተስፋ ሳይቆርጥ ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ በማይቀልጠው በፕላቲን ሽቦ ተክቶት፥ ከወሰኑ ማዶ ያለውን ጠባይ ጭምር ለካ። ወሰኑ ለውሃ በተራ የአየር ግፊት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 100 ዋት ገደማ ነው።

ኑኪያማ ይህን ሥራ በ1934 ዓ.ም. በጃፓንኛ አሳተመ። ሙሉ ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው ግን በ1966 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ 32 ዓመት አለፈ። ዛሬ በአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ውሃ የሚያፈሉ መሐንዲሶች ከዚያ ወሰን እንዳያልፉ ይጠነቀቃሉ።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራን ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ አንድ ሽቦና ትዕግሥት ያለው ሰው፥ ሌላው በየቀኑ እያየ የሚያልፈውን ነገር ሊገልጠው እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ በአገር ቋንቋ የተጻፈ ዕውቀት ከሌላው ዕውቀት የማያንስ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ተርጓሚ ካላገኘ ለሌላው ወገን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የሚጽፍም የሚተረጕምም ሰው ማሠልጠን የትምህርት ቤት ተግባር ነው።